ሰባ ሁለት በመቶ

እኔ ነኝ የነካሁት፣ ሌላ እጅ የለበት፤
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰማይ ባረገዘበት።
«አዲስ ሥሪት መጥቷል፤ ልጫነው ወይ?» ሲለኝ
አንብቤ ሳልጨርስ እሺ ያልኩት መሰለኝ።
ዐሥር አለ፣ ሠላሳ፣ ስልሳ አምስት አደረገ፤
ከአጂፕ ማዶ ነጎድጓድ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ሰባ ሁለት በመቶ ላይ
መብራት ሄደ።
የሰፈሩ ወፍጮ በቆሎውን እንደጎረሰ ዝም።

መብራት ተመለሰ፤ ሳጥኑ አልነቃም።
አንድ ብርቱካን ዓይን፣ ብልጭ ድርግም እያለ፣
ስሙን ሲጠይቁት «ቆይ... ቆይ» የሚል ሰው መሰለ።
ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ጠበቅሁ፣ ደግሞ ነቀልኩ፤
ቢስሚላሂ ብዬ ቁልፉን ዐሥር ሰከንድ ተጫንኩ።

ውስጡ ምን ነበረ?
ሠርግ አይደለም፣ ምርቃት አይደለም፣
ዐሥራ አንድ ክረምት ነው፣ የእንቁራሪት ጩኸት።
አባቴ፣ የባዮሎጂው መምህር ሙዘሚል፣
በጡረታው ማግስት ቦት ጫማ ገዝቶ፣
መቅጃውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከጎህ በፊት ወጥቶ፣
ቦዬ ረግረግ ዳር፣ እስከ ጉልበቱ ገብቶ
የለቀመው ነው።
እናቴ «የሰው ባል መሬት ይገዛል» ትል ነበር፣
«የኔው ጭቃ ገብቶ ጓጉንቸር ሲቆጥር።»

ለእሱ አልነገርኩትም። «ኔትወርክ የለም» አልኩት፤
እዚህ አገር ይህን ማን ውሸት ነው ይላል?
ራሱን ነቀነቀ። አመነኝ መሰለኝ።

ዚክሩ ይባላል፤ ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣
ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛ በማያስገባ
ሱቁ ውስጥ ስልክ ይጠግናል።
ሳጥኑን አገላብጦ፣ ጆሮውን አስጠግቶ
«ዲስኮቹ ጤነኛ ናቸው» አለኝ።
«ቤቱ ሙሉ ነው፤ ዘበኛው ነው ያበደው፣
የበሩን ቁልፍ የት እንዳኖረ የረሳው።»
ብሎኖቹን ፈትቶ ስኒ ማስቀመጫ ላይ ሰበሰበ፤
ዲስኮቹን ሲያወጣ «አንድ»፣ «ሁለት» ብሎ ጻፈባቸው፤
«ተራቸው ከተፋለሰ፣ ያኔ ነው ለቅሶ መቀመጥ።»
የድሮውን ሥሪት በሌሊት ጥቅል አወረደ፤
መብራትን አላመነም፣ ከወንድሙ ባጃጅ ባትሪ ወሰደ።

ከሰሌዳው ጥግ ላይ አራት መርፌ እግሮች አገኘ፤
ሦስቱ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ሽቦዎች በየደ።
«ሲነሣ» አለኝ፣ «ገና ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ
ሦስት ሰከንድ አለችው፣ ሰው የሚሰማባት።
ካመለጠችሽ አጥፍቶ እንደገና ነው።»
ስድስት ጊዜ አመለጠችው።
በሰባተኛው ያዛት።
ፊደል ዘነበ፣ ነጭ በጥቁር ላይ፣ ከታች ወደ ላይ።
አሮጌው ሥሪት ገባ፣ ጠብታ በጠብታ፤
ሰባ ሁለት ላይ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ ለአፍታ።

ሰባ ሦስት።

አረንጓዴ ሆነ።
አንዱን ፋይል ከፈትነው፤ የአባቴ ድምፅ ቀደመ፦
«ሐምሌ ሦስት፣ ቦዬ። ካፊያ አለ። ነፋስ የለም።»
ከዚያ ሱቁ ተጥለቀለቀ፤
ሺህ ጉሮሮ፣ አንድ ላይ፣ ያለ እረፍት።
ስልክ ሊያሠራ የመጣ ልጅ ወደ እግሩ ሥር አየ።

ቤት ስገባ ቦት ጫማው ደጃፍ ላይ ነው፣ ጭቃው እርጥብ።
«ብርቱካኑን የዚያኑ ቀን አይቼዋለሁ፣ ሰዕዲያ» አለ፤
«አራት ማለዳ ሄድኩ፣ የጠፋውን ልተካ።»
መቅጃውን ሰጠኝ። ሰማሁ።
አንድ እንቁራሪት። የሲኖትራክ ማርሽ። ረጅም ዝምታ።
ያችው እንቁራሪት።
«አልተተካም» አለ፣ በቀስታ።

አሁን ጎን ለጎን ናቸው፣ የያኔውና የዘንድሮ፤
ቅጂያቸው ሌላ ዲስክ ላይ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በእናቴ ሻሽ ተቋጥሮ።
ሳጥኑ ባለሦስት እግር በርጩማው ላይ ነው፣ ባትሪ ከጎኑ ተሰክቶ፤
ትናንት ማታ «አዲስ ሥሪት መጥቷል፤ ልጫነው ወይ?» አለ ደግሞ፣
አረንጓዴ ዓይኑን አብርቶ።
ሰማዩን አየሁ። ጠርቷል፣ ኮከብ አለ።
ቢሆንም ጣቴ የመረጠው፦
«ቆይቶ»።