አሥራ አራት ሜትር

ከቆርቆሮው በር እስከ በረንዳዬ፣
አሥራ አራት ሜትር ናት መላ ጎዳናዬ።
ቁልቁለት ናት ደግሞ፤ እንደ ደሴ ቤት ሁሉ፣
በሩ ከላይ ሆኖ ከታች ነው ክፍሉ።
ክረምት ከጦሳ ላይ ጉሙን ሲያወርደው፣
ስንቱን እንግዳችንን ዋልካው ሳይፈልግ አሰገደው።

ልጄ ከኮምቦልቻ ብር ላከች፤ «አሠራው፣
ሠሪ ጥራ፣ ምረጥ፤ አባዬ፣ ያንተ ነው ሥራው።»

ምረጥ ማለት ቀላል!
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ሲመርጥልኝ የኖረ ጭነቱ፣
ሐረጎን ስወርድ፣ ባቲን ሳልፍ፣ ሲቀበለኝ የአሰብ ሙቀቱ፣
ያገኘሁት ላይ ነው የነዳሁ፤ ማን ጠየቀኝ በእውነቱ?

አስፋልት አውቃለሁ፤
ሚሌ ላይ በቀትር እንደ ማር ቀልጦ ጎማዬን የላሰው።
አቧራ አውቃለሁ፤
የወገል ጤናው፣ ለሾፌር ነጭ ቅንድብ የሚያለብሰው።
ጠጠርም አውቃለሁ፤
ከፊቴ ካለ መኪና ተፈናጥሮ መስታወቴን ያፈረሰው።
ድፍን የወሎ መንገድ ወገቤ ላይ አለ፤
ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ምንድነው ይሄ ሁሉ ኩርባ?» አለ።

ሙሄ ግንበኛው መጣ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
ናሙና ይዞልኝ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ከቶ፤
አንድ ጥርብ ኮብልስቶን፣ አንድ እፍኝ ገረጋንቲ፣ የሲሚንቶ ቁራጭ፣
ደረደረው ፊቴ፣ እንደ ሰኞ ገበያ በርበሬ ሻጭ።
«ኮብልስቶን» አለኝ፤ «ሰፈሩም ያየዋል፣
አንዷ ብትሰበር ነቅሎ መተካት ይቻላል።»
እውነቱን ነው። ግን አውቃታለሁ፣ በድንጋይና ድንጋይ መሀል ያለችውን ስንጥቅ፣
ትንሽ ጎማ ይዛ፣ ነዝራ ነዝራ፣ ወገብ የምታስጨንቅ።

ጎረቤቴ አረቡ ሴራሚክ አነጠፈ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል፤
ሐምሌ ላይ ልጁን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች
በጀርባቸው ገቡ ይባላል።

ጦይባ ግን «ጠጠር!» አለች። «የኪራይ ቤታችን ደጅ ጠጠር አልነበር?
ከአሰብ ስትመለስ፣ በውድቅት፣ ገና ሳታንኳኳ በር፣
ኮሽታህን ሰምቼ፣ ላምባውን ለኩሼ ነበር የምነሳው።»
አርባ ዓመት ያልተወራ ነገር፣
ጠጠር አስነሳው።

ምን ልበላት?
ጠጠር ላይ አይሄድም ያሁኑ መኪናዬ።
ናፍጣ አይጠጣ፣ ማርሽ የለው፤ ሞተሩ ክንዴ ነው፣ ክላክሱ ሳልዬ፤
ከፊት ሁለት ትንንሽ፣ ከኋላ ሁለት ትልልቅ ጎማ፣
ጠጠር ሲያይ አፍንጫውን ቀብሮ
ይቆማል፣ እንደ እልኸኛ አህያ፣ ቢሉት የማይሰማ።
ከዚያች ከአለውሃዋ ሌሊት ወዲህ የተሰጠኝ፣ ታርጋ አልባ፣
ቦሎ የማይጠየቅ፣
በሰው እጅ ተገፍቶ የሚገባ።

«ሲሚንቶ» አልኩት ሙሄን። «ለስላሳ?» አለኝ።
«የለም፤ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ይገድላል።
ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫረው፤ ጥርስ ካለው ጎማ ይይዛል።
ጎርፉንም በጎን ስደደው፤
ውሃ መንገድ ካልሰጡት፣ መንገዱን ይወስዳል።»

ለጦይባ ደግሞ፣ ከበሩ ሥር፣ ሁለት ስንዝር ያህል፣
ጠጠር አስፈሰስኩ፤ ለእግር ሳይሆን ለጆሮ፣
የመጣ ሁሉ ኮሽ እንዲል።
እኔንም እዚያች ጋ የሚገፋኝ አይጠፋም።
ኮሽ እላለሁ። ትነሳለች።

ሰባት ቀን ውሃ ጠጣ። ጦይባ ጆንያ አልብሳው፣
ማለዳ ማለዳ በጆግ አጠጣችው፣ እንደ ጎመን መደብ አሳስታው።
በመጀመሪያው ማታ ግን፣ ገና እርጥብ ሳለ፣
የጎረቤት ዶሮ ከቆጥ አምልጣ፣
ሦስት ጣት፣ ሦስት ጣት እያተመች ወረደች፣
ዓይኗን አፍጥጣ።

ሙሄ ፍራታዞውን ይዞ ሊደፍነው ጎንበስ አለ።
«ተው» አልኩት፤ «ከእኔ ቀድማ የነዳችው፣
ታርጋዋን ነው የጣለችው።»

ሰኞ፣ አላህ ካለ፣ ሽቅብ እወጣዋለሁ፤
ቀስ ብዬ፣
በአንደኛ ማርሽ።