ታርጋ ቁጥር ሠላሳ ሰባት

ጠረጴዛ አወጣን ከሾላው ጥላ ሥር፣
ማህተም፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ደብተር።
የዜጌ ነፋስ መጥቶ ገጹን ሲገላልጥ
ድንጋይ ጫንኩበት፣ ሕጉ እንዳያመልጥ።
ትእዛዙ አጭር ነው፣ ሁለት መስመር ብቻ፦
ታርጋ የሌለው ታንኳ አይውጣ ከዳርቻ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሕግ አላወጣሁም።
የሚሉኝን ጻፍኩኝ፤ "ለምን?" አላልኩም።

አያ ሙሄ መጣ ተራው ደርሶ፣ ረፋድ፣
እግሩ ጭቃ ለብሶ፣ በእጁ የደንገል ገመድ።
"ስም?" "ሙሄ ያሲን።" "አድራሻ?" "ከዳር ነኝ፤
ሐይቁ ሲሞላ ሽቅብ ይገፋኛል፣
ሲጎድል ቁልቁል ይጠራኛል፤
የቱን ልንገርሽ?" አለኝ።
"የሞተር ጉልበት?" ክንዱን አሳየኝ።
"የተሠራበት ዓመት?" ብዬ ስጠይቅ፣
"ዓመት?" አለ ደንግጦ፣ ከንፈሩ ሳይስቅ፣
"ሰኞ ነው ያሰርኳት፤ ዓመት የት ታውቃለች?
ሦስት ወር ከዋኘች አርጅታ ትሞታለች።"

ቅጹ ላይ "ሰኞ" የሚባል ቦታ የለም።
ባዶውን ተውኩት። ባዶ ግን አያልፍም።
አለቃዬ መጥቶ "ዘንድሮ በይ" አለኝ፣
ጻፍኩኝ። ያቺ ሰኞ እንዲህ አመለጠኝ።
"መድረሻ?" ስለው፣ "እሱን ዓሣው ያውቃል"
አለና ተነሥቶ
ሄደ፣ አውራ ጣቱ ሰማያዊ ቀለም ነክቶ።

አልዋሽም፤ ሕጉም ምክንያት አያጣም፦
አምና ነሐሴ ላይ የሰጠመው ሰው ስም
እስከ ዛሬ የለም።
እንጦስ ዳር ተገኘ። "ቁጥር ቢኖረው" ይላል
አለቃዬ፣ "ዘመድ ይጠራል፣ በወጉ ይቀበራል።"
አመንኩት። ግማሼ አሁንም ያምነዋል።
ግማሼ ግን ማታ ይለኛል፣ ስቆልፍ በር፦
"ሰው ቀብሩ እንዲያምር ኑሮው ይታሰር?"

ታርጋው በአራት ወሩ በአይሱዙ ደረሰ፣
ቢጫ፣ ስለታም ጠርዙ ካርቶኑን የጣሰ።
"ያቺማ በስብሳ የከብት ጉዝጓዝ ሆነች፤
ይቺ ሌላ ናት፣ ትናንት የተወለደች።
ቁጥሩን ለዚች ስጫት።" "ዝውውር ይጠይቃል፤
ማመልከቻ፣ ምርመራ፣ ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል።"
"የኔ ፎቶ?"
"የታንኳዋ።"
ዝም አለ። ከድንጋዩ ጫፍ ሻላ አንድ ዓሣ ዋጠ።
"ፎቶዋ ታጥቦ እስኪመጣ" አለኝ፣
"እሷም ታጥባ ትሄዳለች።"
የሟቿን ታርጋ ግን ፈርሞ ወሰደ።

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ወጣ ያለ ቁጥር፣
ያለ ማንም ፈቃድ፣ ወደ አምባዛው መንደር።
ሲመለስ ጠበቁት። ታንኳዋን ወስደው
ከቢሮው ጀርባ ጣሏት፣ አጥር አስደግፈው።
"በቁጥጥር ሥር" ብዬ ጻፍኩባት በቀይ፤
ምስጥ ግን ፊደል አያውቅ፣ ፊርማዬን ሳያይ
ከሥር ጀመራት። መንግሥት የያዘውን
ምስጥ ነጠቀው፣ ሳይጠይቅ ደረሰኙን።

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ"
ይል ነበር አባቴ። ሐይቁስ? ሐይቁስ ይታረስ?
በእምቦጩ ላይ ማህተም ማን አሳረፈበት?
ሳይመዘገብ መጣ፣ ወረሰን በክረምት።
እሱን "ታርጋህ የት ነው?" ብሎ የጠየቀ የለም፤
ለሦስት ወር ደንገል ግን ዘበኛ አይተኛም።

ቅዳሜ ወረድኩኝ ቆሮሶ ፍለጋ።
ሙሄ ቅርፊት ይፍቃል። በምን? በታርጋ።
ሠላሳ ሰባትን ቅርፊት አልብሶታል፤
"ስል ነው" አለኝ፣ "መንግሥት ብረት ያውቅበታል።"
ከኋላው፣ ውሃው ላይ፣ አንዲት አዲስ ታንኳ
ትወዛወዛለች፣ ሳትል ኮሽ እንኳ።
ስንተኛዋ ትሆን? አምስተኛ? ስድስተኛ?
አልጠየቅኩም። ከሩቅ ተጣራ ዘበኛ።

ጎንበስ ስል፣ ዓሣዬን ልቀበል፣
ከአንገቴ የተንጠለጠለው መታወቂያ
ወጥቶ በመሀላችን ተወዛወዘ፦
ስሜ፣ ቁጥሬ፣ ፎቶዬ፣ የሚያበቃበት ቀን።
ሙሄ በእርጥብ ጣቱ አስቆመው።
"ላንቺስ" አለኝ፣
"ስንት ወር ሰጡሽ?"