በከዘራ ጫፍ

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ የአዌቱን ድልድይ አልፈን፣
ዳማና እኔ እንደርሳለን፣ ዝናቡን ከላይ አራግፈን።
ባለባጃጁ አይጭነንም፤ «ወንበሬን ጠጉር ይሞላል!»
በእግር ነው እንግዲህ መንገዱ፣ ቀይ ጭቃው ጫማ ይበላል።
ዘበኛው የእኔን ቦርሳ እስከ ታች ይበረብራል፤
እሷን ግን «እመቤት» ብሎ፣ በሩን ከፍቶ ያከብራል።

መጀመሪያ ሰሞን እኔ
ምክር በከረጢት ይዤ፣ ከአልጋ አልጋ ስዞር፣
«ይህም ያልፋል» እያልኩ፣ እንደ ብርቱካን ሳከፋፍል ነበር።
እግሩ ለተቆረጠው ለናስር ስለ ትዕግሥት ስሰብከው
ጆሮ ነሣኝ፤ ፊቱን ለግድግዳው ሰጠው።
ዳማስ? ዳማ ምን አለች? ከአልጋው ሥር ገብታ አዛጋች፤
እንደ ሰነፍ ዳኛ አፏን እስከ መንጋጋ ከፈተች።
ናስር ሳቀ። እኔ ዝም አልኩ።

አባ ኦሊ ግን አልሳቁም። የመስኮቱ ሥር አልጋ
የእሳቸው ነው፤ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከመታው ወዲህ ከሰው ጋ
ነገር ትተዋል። በግራ እጅ ከዘራቸውን አነሡ፤
«ውዱእ አለኝ፣ ውሻ አይንካኝ!» ብለው ፊታቸውን መለሱ።
አፈርኩ። ይቅርታ ልደረድር አፌን ከፈት ሳደርግ፣
ዳማ ከበሩ ደፍ ሄዳ ተጋደመች፣ ጥግ፣
አገጯን በፊት እግሯ ላይ ጥላ፣ ሁለት ክንድ ተኩል ርቃ።
አልተቀየመች፣ አልተለማመጠች። ልኩን ዐወቀች፣ በቃ።

ሦስት ሐሙስ እንዲህ አለፈ።
በአራተኛው፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
«ኮቱ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ነይ ማለት ነው። ዳማ ሳትሮጥ
በሆዷ ተሳበች፣ አንድ ክንድ። ቆመች። ከዘራው ተዘረጋላት፤
በጫፉ፣ ውዱእ ሳያፈርሱ፣ ጀርባዋን አከኩላት።
ግራው ሲደክም ጊዜ፣ ከዘራው ወደ ቀኝ ዞረ፤
ያ እጅ! ሐኪሟ «አንሡት» ስትል ስንት ቀን ደንቆሮ የነበረ።
ነርስ ኩልሱማ መርፌዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤
እኔ ላጨበጭብ ነበር። ዳማ ዓይኗን ጨፈነች።
እጄን ኪሴ ከተትኩ።

አሁን እዚያ አልጋ ላይ ሌላ ሰው አለ፣ ጥርሱን የነከሰ።
ዳማም ሁለት ክንድ ተኩል ርቃ ተኛች፤ ነገር ወደ ሀ ሁ ተመለሰ።
ማታ ቤት ስንገባ እንቅልፍ እንደ ሸክም ይጥላታል፤
ምን ተሸክማ እንደዋለች ማን ያውቅላታል?
እኔ ግን ዛሬም፣ በሩ ላይ፣ ዘበኛው ቦርሳዬን ሲበረብር፣
«ሥር ድረስ ፈትሽ» እለዋለሁ፤ «ምክር ካገኘህ፣ እዚሁ ይቅር።»