የሽንኩርት ጉንጉን

"ክረምት" ስላችሁ ጎርፍ እንዳታስቡ፣
ጃንጥላ ፍለጋ ጓዳ እንዳትገቡ፤
ይሄኛው ሌላ ነው፤ ከፔይፑስ ሐይቅ ዳር፣
ከኢስቶኒያ ጫፍ፣ ከሩሲያ ድንበር፣
ጢም የማይላጩ፣ ሽንኩርት የሚዘሩ ሰዎች ሰፈር፣
ውሃው ድንጋይ ሆኖ መኪና ሲያሻግር።

ፀሐይ እንደ እንግዳ አርፍዳ ትመጣለች፣
ሻሿን ሳትፈታ፣ ወንበር ሳትይዝ ትሄዳለች።
ፌቭሮንያ አታማትም፤
"እሷም ቤት ይኖራታል" ብላ ከመስኮቱ ዞር ትላለች፣
እንጨት ትጨምራለች።

ምድጃው የጡብ ነው፣ አናቱ ላይ አልጋ፣
ማታ የበላው ግንድ እስከ ረፋድ ሲያወጋ።
ጓንቲና ካልሲ በገመድ ተሰቅሎ፣
ባርሲክ፣ አንድ ዓይናው ድመት፣ ከሥሩ ተጠቅልሎ፣
የተኛ ይመስላል፤
ጆሮው ግን በሩን ያደምጣል፣
ዓሣ የያዘ ጎረቤት የሚመጣበትን ሰዓት ያውቃል።

ከግድግዳው ላይ፣ ከሰዓቱ ጎን፣
የሽንኩርት ጉንጉን፤
በመከር መጨረሻ አፈሩን አራግፋ፣
ልክ እንደ ልጅ ጠጉር ሦስት ቦታ ከፍላ፣ ቋጥራ አስልፋ፤
ወርቅማ ሹሩባ፣ ከጣሪያው ጀምሮ
እስከ ሣጥኑ ድረስ ወርዶ ተደርድሮ።

በቀን አንድ ራስ ትቆርጣለች፣ ሁለት አትነካም፤
ቀኑን በዚያ ትቆጥራለች፣ ወረቀት አትሻም።
ጉንጉኑ ሲያጥር ቀኑ ይረዝማል፤
ከሣጥኑ ሲለቅ ገና አልፏል ይባላል፤
ሰዓቱ ጋ ሲደርስ ብርዱ ጥርስ ያወጣል፤
ሚስማሩ ባዶ ሲቀር ሐይቁ ይሰበራል።

መንደሩ በሙሉ ያን ቀን ነው የሚጠብቀው፤
እሷ ግን… ምኑን ትደብቀው?
ደስ ይላታል ብርዱ።

ስኳሯን በፊት ጥርሷ ነክሳ፣
የሳሞቫሩን ሻይ ከስኒ ማስቀመጫው ላይ አፍስሳ፣
እፍ ስትል፣ መነጽሯ በእንፋሎት ሲታወር፣
ለአፍታ ምንም ሳያዩ መኖር።
ጠዋት በሩ ሲገፋ አልከፈት ብሎ፣
የሌሊቱ በረዶ ደጃፉን ቆልሎ፣
የአካፋዋ ድምፅ፣ ቅርሽ… ቅርሽ…
ከዚያ ሌላ ዝምታ፤ ጭስ ብቻ ከየጣሪያው ሽቅብ ሲሸሽ።

ሌሊት ደግሞ በረዶው ከዳር ዳር ይሰነጠቃል፣
እንደ ወፍራም ገመድ ጧ! ብሎ ይጮኻል፤
አገሩን የማያውቅ ሰው ብርድ ልብሱን ይሸፈናል።
እሷ፣ "ምንም አይደል፤ ሐይቁ ጎኑን ቀየረ" ብላ
የራሷንም ትቀይራለች፣ ወደ ጡቡ ተጠግታ፣ ጉልበቷን ጠቅልላ።

መጋቢት ገባ። ጉንጉኑን ቀና ብላ አየችው፤
ዐሥራ አንድ ራስ። ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።
"ቸኮልክ" አለችው።
ቢላዋውን አስቀመጠች፤
የዚያን ዕለት ድንቹን ያለ ሽንኩርት ቀቀለች።

ሲመሽ አጋፎን መጣ፣ በዚያ ጉደኛ መኪናው፣
ከአሮጌ ሞተር ሳይክል፣ ከፊኛ ጎማ፣ ራሱ በሠራው፤
ጢሙ ላይ በረዶ፣ ባልዲው ውስጥ የጣት ያህል ዓሣ፣
ትኩስ ኪያር የሚሸት፣ ሐይቁን ገና ያልረሳ።
ባርሲክ ተነሳ።

ጠበሰችለት። ቀመሰና ቀና አለ፤
"ሽንኩርቱስ?" አለ።
ዝም አለች። ዓይኑ ከግድግዳው ዋለ፣
ከሚስማሩ ቁልቁል የሚቆጥር መሰለ።
ሌላ አልጠየቀም። ስለ መረብ አወራ፣
ሁለት ስኒ ጠጣ፣ ሄደ ባትሪውን እያበራ።

በማግስቱ በሯን ስትገፋ፣ በረዶው ላይ ዱካ፤
እጀታው ላይ የተንጠለጠለው ነገር፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ለካ
ከገዛ ጉንጉኑ የቆረጠው ነው፣ ዐሥር ራስ፣ በእጁ እየለካ።

ከራሷ ጋር አሰረችው፣ በቀይ ክር፤
ወረደ ጉንጉኑ እንደገና፣ ከሰዓቱ ሥር።
ውጭ ጣሪያው ጠብ ይላል፤ ጠብ… ጠብ…
መጋረጃውን ሳበች፣
ሳሞቫሩን ለኮሰች፣
"ገና ነው" አለች።