ሰርዶ

ስድስት ክረምት ሙሉ በር ዘግቼበት፣
ሙጃ ከአጠፋሪስ ተጋብቶ ወልዶበት፣
የጓሮዬ ነገር እንዲህ ሆነና፣
ደላላው ይመጣል ደግሞ እንደገና፦
«እትዬ፣ ከዚህ አራት ሰርቪስ ይወጣል፤
ሐይቁም ቅርብ ነው፣ ተከራይ ይመጣል።»
ሰማሁትና ዝም። ማክሰኞ በጠዋት
ከዱካሞ ዛፓ ተውሼ ገባሁበት።

መጀመሪያ የወጣው የባጃጅ ጎማ፣
ቀጥሎ ድስት ክዳን፣ ቀጥሎ አንድ ጫማ፤
ግራ እግር፣ ላስቲክ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፤
የማን እንደነበረች አልጠፋኝም እንጂ…
አጥሩ ላይ ሰቀልኳት። መቆፈር ቀጠልኩ።
ሙጃው በቀን አለቀ፣ እኔም አብሬ አለቅኩ።

ሰርዶ ግን ሌላ ነው፤ ከዚህ ስትስቢው፣
ይነቃነቃል የጎረቤት ግቢው።
«እኔ ከሞትኩ ወዲያ ሰርዶ አይብቀል!»
ያለችዋን አህያ አሰብኳት ስነቅል፤
እርግማኗ ሐዋሳ ሳይደርስ ቀርቷል፤
ስንት ሰው ሞቶብኝ ሰርዶው ግን በርትቷል።

ሦስት መደብ አወጣሁ፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ቆስጣ፤
አባ ኮዳ ከዓሣ ገበያ ሊጎበኝ መጣ፣
እጁን ወደ ኋላ፣ ልክ እንደ ቀበሌ ሹም፤
ዞረና ሄደ፣ አላለኝም ምንም።

ቆስጣው በወሩ ደረሰ። አንድ እስር
ለዱካሞ ላክሁ፤ ዛፓው ግን ቀረ እዚያው አጥር ሥር።

ትናንት አቮካዶ ተከልኩ። ደላላው ሳቀ፦
«እስኪያፈራ እርስዎ…» አለና ተሳቀቀ።
«ይብቀል ያሻው ሁሉ» አልኩት «እኔ ከሞትኩ ወዲያ፤
ሰው ነኝ፣ አይደለሁም የተረቷ አህያ።»

ሰርዶው ሰምቶኝ ይሆን? ዛሬ ጠዋት ባይ፣
ሁለት ጣት ወጥቷል ከካሮቱ በላይ።