ምርቃት

ጋሽ ደምሰው፣ ታስታውሰኝ ይሆን? ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ ያቺ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳዋ ባዶ።
"ስምሽ አያስኬድም" አልከኝ፣ ከላይ እስከ ታች አይተህ፣
"ይርገዱ ብሎ ኩዌት የለም"፣ ብዕርህን ከጆሮህ አውርደህ።
ሩቅያ ብለህ ጻፍከኝ፤ አባቴን፣ አበጀን ደግሞ፣
ሁለት ፊደል ነካክተህ አብዱ አልከው፤
አፈር ተጭኖት የለ፣ አይከራከርህ ቆሞ።
ለፎቶው ሻሽ አዋስከኝ፣ የስንቷ ላብ ያለበት፣
ማተቤን ስታይ "ይሄ አይታይም" አልክ፤ ጥርሴን ነክሼ ፈታሁት።
ሦስት ሺህ ብር ቆጠርክ፣ የእናቴን የጊደር ዋጋ፣
"ስሙ ምርቃት ነው" አልከኝ፤
ሳቅህ ተከተለኝ እስከ አውሮፕላኑ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።

ጃህራ ላይ፣ በረሃው ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት ሰፈር፣
ውሸቴ እንደ አሸዋው ነበር፣ ጠዋት ተጠርጎ ማታ የሚከመር።
ሩቅያ ሲሉኝ ዘግይቼ እዞራለሁ፤ "ጆሮዋ ይከብዳል" አሉ፣
ልጆቹ ከኋላዬ መጥተው እያጨበጨቡ ይስቃሉ።
ረመዳንን በውሸት ጾምኩት፤ ረሃቡ ግን የእውነት ነበረ፣
ረቡዕና ዓርብን በስውር ስጨምርበት ቀሚሴ ወገቤ ላይ ዞረ።
ሶላት ላይ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ የምለው አባታችን ሆይን ነው፣
ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ ለማን እንደሰገድኩ እሱ ይወቀው።

ለአሮጊቷ ነበር የሰጡኝ፤ ማማ ሙዲ ትባላለች፣
የወለደቻቸውን የሰባት ልጆቿን ስም ረስታለች።
አንዳንዴ "ዩማ" ትለኛለች፣ እናቷን መስዬያት መሰለኝ፣
ስም የሚባል ነገር ከጠፋባት ሴት ፊት
ውሸቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለለኝ።
ፀጉሯን ሂና እቀባለሁ፣ እግሯን በወይራ ዘይት አሻለሁ፣
ሌሊት ስትባንን ፋቲሃ ትጀምራለች፤ ተኝቼ እሰማለሁ።

አንድ ሌሊት መሃሉ ላይ ቆመች።
እንደገና ከራሱ ጀመረች። እንደገና እዚያው ላይ ቀረች፤
ጉድጓድ አፍ ላይ ገመዱ እንደተበጠሰ ባልዲ።
እጇ ጨለማውን እየዳበሰ አለቀሰች ማማ ሙዲ።
ድምፅ ሰማሁ፣ የጠፋውን ቃል የሚያቀብላት፤
የኔው ድምፅ ነበር። ሕፃን እጁን ተይዞ እንደሚወሰድ
እስከ አሚን ድረስ ወሰድኳት።

ያን ሌሊት አንተ የለህ፣ ኤጀንሲው የለ፣ አሠሪዬም፣
ፓስፖርቴ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ሩቅያ ሁኚ ያለኝ ማንም የለም።
ብርሃን አልወረደም፣ ጋሽ ደምሰው፤ ሲያንኮራፋ የሰማሁት ኤርኮንዲሽኑን ነው፣
ብቻ ሁለት ዓመት ከአፌ ኋላ ሲያዘግም የከረመ ልቤ
ደረሰ፣ ላብ እንዳጠመቀው።

ሸሃዳውን ለብቻዬ ያዝኩ፤ ምስክር ከየት ይምጣ?
እነሱ ዘንድ ድሮም ሩቅያ ነበርኩ፣ ገና ከአውሮፕላን ወርጄ ስመጣ።
ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ሳሙናው ከእጆቼ ሳይለቃቸው፣
ተናገርኩት። ማሽኑ ሰዓቱ ደርሶ ጮኸ፤
አንሶላዎቹን አውጥቼ ጣሪያው ላይ አሰጣኋቸው።

እናቴ ስደውልላት ትጠይቃለች፤ "ይርገዱ፣ ማተብሽ አለ?"
"አለ" እላታለሁ፤ ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ።
አየህ፣ ውሸቱ አቅጣጫ ቀየረ እንጂ አላለቀም፣
ድሮ እዚህ ነበር የምዋሸው፣ አሁን ወደዚያ፤
የቱ እንደሚከብድ አላውቅም።

የሰጠኸኝን ስም ይዤዋለሁ። ስትቀልድ ነበር፤ ከቀልድህ ደረሰ፣
እንዲህም ያለ ምርቃት አለ ለካ፣ ከደላላ አፍ የፈሰሰ።
አንድ ነገር ብቻ፤ አበጀን መልስልኝ። እሱን ማን ጠየቀው?
የማሽላ ማሳው ዳር ቆሞ፣ ይርገዱ እያለ ሲጣራ ነው የማውቀው።
ሩቅያ አበጀ። በል ጻፍ። ብዕሩ ከጆሮህ ላይ አለልህ፣
"አያስኬድም" እንዳትለኝ፤
የምፈልገው መሄድ አይደለም፣ መጠራት ነው፣ እባክህ።