ከዜሮ እስከ አስር

ከደሴ ስወርድ ወገቤን በመቀነት ጠፍረው፣
ሦስት ወር ያለማመዱኝን በአንድ ወረቀት ቋጥረው፣
“ተሽሎሃል” አሉኝ። “ድነሃል” አላሉም።
ሁለቱ ቃላት ለካ ዘመድ እንኳ አይደሉም።

የሐረጎን ጠመዝማዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአይሱዙ የፈተልሁ፣
ያን ዕለት የሰው መኪና፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤
እያንዳንዷ ኩርባ ስትመጣ
ከአከርካሪዬ አንዲት አጥንት አብራ ስትዞር፣ አብራ ስትቆጣ
ቆጠርሁ፤ እስከ ታች ድረስ ቆጠርሁ።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ፣
ሕመሜ ግን ሻንጣውን አንጠልጥሎ በበሩ ቀደመኝ።

ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ፣
መስኮቱ ላይ ይንቀጠቀጣል የስልኩ ስንጥቅጥቅ ፊቱ፤
ከማእከሉ ነው መልእክቱ፦
“አቶ ይማም፣ ዛሬ ሕመምዎ ስንት ነው?
ከዜሮ እስከ አስር አንድ ቁጥር ይምረጡ።”
ከብት ደኅና፣ ልጅ ደኅና የለ፤
እንዲህ ያለ ጠያቂ በወሎ አልታየም፤
ግን ዘመድ ጠይቆ ሲሰለች፣ እሱ አንድ ቀን አልዘገየም።

ዜሮ ምንድን ነው? ዜሮን የት አውቀዋለሁ?
ምናልባት በሃያ ዓመቴ፣ ጎማ ተንተርሼ፣
ከመኪና ሥር እንቅልፍ የጣለኝ ቀን ነው።
አስርንስ አውቀዋለሁ። ፍሬኑ እንቢ ያለ ሌሊት፣
ማሽላው ከነጆንያው ጋቢና የገባ ሌሊት።
አስርን ለጠላቴም አልልክ።

ስለዚህ “አራት በይ፣ ሩቅያ” እላለሁ።
ስልኩን የምትነካው ልጄ ናት፤
የእኔ ጣት ማርሽ እንጂ መስታወት አልለመደም።
ወገቤ እሳት ሲሆን፣ አራት።
ለሱጁድ መውረድ ሲያቅተኝ፣ ወንበር ላይ ሰግጄ፣ አራት።
አራት ልጅን ከትምህርቷ አያስቀርም፤
እናቷን ከሱቋ አያባርርም።

ከቁጥሩ ኋላ ቪዲዮ ይመጣል፦
ፊት የሌለው ሥዕል ሰው፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሲያመጣ፤
አያቃስትም። ወገብ አለው እንጂ ዕዳ የለውም።
አንዳንዴ “ዛሬ ይረፉ፣ ትንፋሽዎን ብቻ ይቁጠሩ” ይለኛል፣
ለአራት ይህን ያህል ማዘን ምንድን ነው? እያልሁ ይገርመኛል።

ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። የሰው ድምፅ።
አራጋው ነው፤ ደሴ ላይ ክንዴን ይዞ ያራመደኝ፣
ገና “ደኅና ነኝ” ሳልጨርስ ሳቀና አቋረጠኝ፦
“አብሽር፣ ይማም! ሰኞ ሰባት፣ ማክሰኞ ስምንት፣ ረቡዕ ስድስት።
ሐሙስ ዘጠኝ ልከሃል። ሐሙስ ምን ተሸከምህ?”

ዱቄት። ግማሽ ኩንታል። ማንም አላየኝም ብዬ።

“ከፋፍለህ አስገባው። እኔ የማክመው የላክኸውን ነው፣
የደበቅኸውን ከየት አምጥቼ?”
ብሎኝ ዘጋ። ልጄን አየሁ።
አቀርቅራ እርሳስ ትቀርጻለች፤ የተቀረጸው እርሳስ አለቀ።

ደብተሯን ጠየቅኋት። ሰጠችኝ።
ከሒሳቡ ጀርባ፣ በመጨረሻው ገጽ፣ በቀን በቀን፦

“ሰኞ። አባዬ ጫማውን ሲያስር ሁለቴ አረፈ። ሰባት።
ማክሰኞ። ሲስቅ ግድግዳ ያዘ። ስምንት።
ረቡዕ። እስከ መስጊዱ በእግሩ ሄደ። ስድስት። (ደስ አለኝ)
ሐሙስ። ዱቄቱን አስገባ። እኔ በር ኋላ ነበርሁ።
‘አራት በይ’ ሲለኝ ጥርሱን ነክሷል።
ስምንት ነበር፤ ስለ ጥርሱ አንድ ጨመርሁ።”

ምን ይባላል?
ሰው ሕመሙን ከልጁ ደብቆ የሚያስቀምጥበት ጓዳ
ለካ መጋረጃው ከልጁ በኩል ነው የሚከፈት።
ልቆጣ አሰብሁ። አፌ ግን ሌላ አወጣ፦
“ጽሑፍሽ አምሯል።”

ዛሬም አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ።
መስኮቱ ላይ ስልኩ ተንቀጠቀጠ።
“ስንት ልበል?” አለችኝ፣ በእኔ በኩል ሳታይ።
“አንቺስ ስንት ታያለሽ?”
አገላበጠችኝ፤ ከጫማዬ ጀምራ እስከ ግንባሬ፣
ቀስ ብላ፣ ሚዛን እንደሚያይ ነጋዴ፦
“ስድስት ተኩል።”
“ልክ ነው። ላኪው።”
“ማሽኑ ተኩል አይቀበልም፣ አባዬ።”

እንግዲያ ስድስቱ ይሂድ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይግባ፤
ተኩሏ እዚህ ትደር፣ ከእኔና ከአንቺ ጋር።